ሙቀት በቧንቧ ሲጓዝ፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከጫጫ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከእነዋሪና ከመሐል ሜዳ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ጋራ የሙቀት መስመር ነው፤ ይኸውም ውሃን አንድ ቦታ አሙቆ፣ ሽፋን በለበሰ የተቀበረ ቧንቧ ለብዙ ሕንፃ፣ ሲበዛም ለጎረቤት ከተማ የማዳረስ ዘዴ ነው። ሁለት ቃላት በየመልሱ ይመላለሳሉ። ከማሞቂያው ወደ ተጠቃሚው የሚሄደውን ውሃ ሂያጅ፣ ሙቀቱን ሰጥቶ የሚመለሰውን ተመላሽ እንላለን። የሚዞረው ያው ውሃ ነው፤ የሚሸጠው በሂያጁና በተመላሹ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ዴንማርክ ውስጥ ጎረቤት ከተሞች የሙቀት መስመራቸውን አገናኝተው ከፀሐይና ከፋብሪካ የሚገኘውን ሙቀት ይጋራሉ ሲባል ሰማሁ። ጫጫ ከደብረ ብርሃን ብትርቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚደፉትን ሙቅ ውሃ እስከ እኛ ማምጣት አይቻልም? (ከጫጫ)

መልስ፦ መሥራቱ ይቻላል፤ ዛሬ ባለው ፍላጎት ግን አያዋጣም። ምክንያቱን በቁጥር እናሳይዎት።

አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.19 ኪሎ ጁል ይሰጣል። ወደ ጫጫ 5 ሜጋ ዋት ሙቀት እንላክ ብንል፣ ሂያጁ 80 ዲግሪ፣ ተመላሹ 40 ዲግሪ ከሆነ፣ በሴኮንድ 30 ሊትር ገደማ መዞር አለበት። የውስጥ ስፋቱ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ብንቀብር ውሃው በሴኮንድ 1.5 ሜትር ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይም ወደ 110 ፓስካል ግፊት ይበላል። 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ 20 ኪሎ ሜትር ሲመለስ ድምሩ 44 ባር ነው (1 ባር 100,000 ፓስካል ነው)። የሙቀት መስመር ዕቃ በተለምዶ የሚሠራው ለ16 ወይም ለ25 ባር ስለሆነ ይህ አይሆንም። የውስጥ ስፋቱን ወደ 210 ሚሊ ሜትር ካሳደግነው ግን ብክነቱ ወደ 12 ባር ይወርዳል፤ ይህን ፓምፕ ይችለዋል።

አሁን ደግሞ ተመላሹ 40 መሆኑ ቀርቶ 60 ዲግሪ ሆኖ መጣ እንበል። ልዩነቱ በግማሽ ስለቀነሰ ያንኑ ሙቀት ለማድረስ ውሃው እጥፍ ይሆናል፤ የግፊቱ ብክነት አራት እጥፍ ያድግና በሰፊው ቧንቧ እንኳ ወደ 46 ባር ይደርሳል። የሁለት ከተማ መስመር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሂያጁ ምን ያህል እንደሞቀ ይመለከታል፤ መስመሩን የሚያንቀው ግን ሳይቀዘቅዝ የሚመለሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ግንኙነት በፊት በየሕንፃው የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ ተመላሹን ማቀዝቀዝ ነው።

ወደ መንገዱ ብክነት እንምጣ። 219 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ በፖሊዩሬቴን ፎም ተሞልቶ 315 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ልባስ ቢኖረው፣ አፈሩም 14 ዲግሪ ቢሆን፣ ከሂያጁ በእያንዳንዱ ሜትር 27 ዋት፣ ከተመላሹ 11 ዋት ገደማ ወደ መሬት ይሄዳል። ለ20 ኪሎ ሜትር ሲደመር 760 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ብክነት ተጠቃሚ ኖረ አልኖረ ቀንም ሌትም አይቆምም፤ በዓመት ወደ 6,600 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። ጫጫ ያንን 5 ሜጋ ዋት በዓመት 2,000 ሰዓት ሙሉ ብትጠቀም የምትገዛው 10,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው። አፈር የሚበላው ሰው ከሚጠቀመው ሁለት ሦስተኛ ደረሰ ማለት ነው። በአውሮፓ እንደ ሻካራ መለኪያ የሚያዘው በእያንዳንዱ ሜትር መስመር በዓመት ቢያንስ 1 ሜጋ ዋት ሰዓት መሸጥ ነው፤ የእኛ ስሌት ግን ግማሽ ላይ ቆመ።

ታዲያ ሌላው አገር እንዴት ሆነለት? ዴንማርክ የሙቀት አቅርቦት ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በ1984 ኮፐንሃገንን ጨምሮ አምስት ማዘጋጃ ቤቶች የጋራ የሙቀት ማስተላለፊያ ድርጅት አቋቋሙ። እዚያ የብርዱ ወራት ረጅም ናቸው፤ ሕንፃዎቹ የተጠጋጉ፣ ቤቱ ራሱ መሞቅ ያለበት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር ቧንቧ ብዙ ይሸጣል። አይስላንድ ውስጥ ዴይልዳርቱንጉህቬር ከሚባል ፍል ውሃ በሴኮንድ 180 ሊትር፣ 97 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልቃል፤ ቦርጋርኔስን አዳርሶ እስከ አክራኔስ 64 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኔስያቬትሊር ከሚባለው የከርሰ ምድር ሙቀት ጣቢያ ወደ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ የሚሄደው መስመርም 27 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከ2 ዲግሪ በታች ብቻ ይቀዘቅዛል። ይህ የሆነው ሽፋናቸው ተአምር ስለሆነ ሳይሆን፣ በአንድ ቧንቧ የሚያልፈው ውሃ እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። በእኛ ምሳሌ ሙሉ ውሃ ሲሄድ ሂያጁ ጫጫ እስኪደርስ 4 ዲግሪ ገደማ ያጣል፤ ሌሊት ፍላጎቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ግን ከ15 ዲግሪ በላይ ያጣል።

ይልቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚገናኝ ነገር ሞልቷል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ አሉ። የሙቀቱ ቅደም ተከተል ግን መጠበቅ አለበት። ፋብሪካው መጀመሪያ ለራሱ ይጠቀም፤ 60 ዲግሪ ሆኖ የሚደፋው የማቅለሚያ ውሃ ለቀጣዩ ማቅለሚያ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ያሙቅ። የተረፈው ለጎረቤት ይሂድ። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ምንጭ የአየር መጭመቂያው ነው፤ 100 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ የሚበላ ዘይት ያለበት ኮምፕሬሰር ከ70 ኪሎ ዋት በላይ የሚሆነውን በሙቀት መልክ መልሶ ይሰጣል፤ ከዘይት ማቀዝቀዣው ላይ 60 ዲግሪ ውሃ ማግኘት ይቻላል። ከማቀዝቀዣ ማሽኖች የሚወጣው ሙቀት ግን 30 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ለብ ያለውን ሙቀት በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ከፍተኛ ዲግሪ የሚያሳድግ ማሽን፣ ይፈልጋል። ምንጩ ያን ያህል ለብ ያለ ከሆነ በ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 4 ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከተማችን ቆላ ናት፤ ሙቀት ሞልቷል። እኛ ጋ ትልቅ የፀሐይ ማሞቂያ ተክሎ ሙቀቱን በጣርማበር በኩል ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን መላክና ገቢ ማግኘት አይቻልም? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አይቻልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ሁለቱን ነጥቦች ለየብቻ እንያቸው።

ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይጫናል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል ወደ 1,300 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ናት፤ መንገዱ የሚያልፍበት ጣርማበር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ታች ያለው ቧንቧ ከ150 ባር በላይ መሸከም አለበት ማለት ነው። ግፊቱን ለመከፋፈል በየ150 ሜትር ከፍታው ሂት ኤክስቼንጀር የሚባለውን የሙቀት መለዋወጫ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ከአሥር በላይ ጣቢያ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጣቢያ 2 ወይም 3 ዲግሪ ስለሚቀር 80 ዲግሪ ሆኖ የተነሳው ውሃ የመንገዱ ብክነት ሳይቆጠር ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ይደርሳል።

የማያስፈልገው ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያ የሚሠራው በጨረር እንጂ በአየሩ ሙቀት ስላልሆነ ነው። ደጋው ላይ አየሩ ስስ፣ የበጋው ሰማይም ጥርት ያለ ነው። ጠፍጣፋ ማሞቂያ አየሩ በ1 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር በካሬ ሜትር ወደ 4 ዋት ተጨማሪ ያጣል፤ በ10 ዲግሪ ቢበልጥ 40 ዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ለሚያርፍበት ሰሌዳ ይህ ትንሽ ነው። ደብረ ብርሃን ሙቀቷን ከራሷ ጣሪያ ታገኛለች። ሸዋ ሮቢት ያላትን ፀሐይ ለሽንኩርት ማድረቂያ ብታውል ይሻላታል፤ ለዚያ 50 ወይም 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ይበቃል፤ ረጅም ቧንቧም አይጠይቅም።

የከፍታውን ነገር ግን ሌሎችም አንባቢዎች ይያዙት። በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን በላይኛውና በታችኛው ሰፈር መካከል የ100 ሜትር ልዩነት ካለ ሁለቱን በቀጥታ አያገናኙ፤ የሙቀት መለዋወጫ ይግባ። ሌላም ምክንያት አለ። ኔስያቬትሊር እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር፣ እዚያ የተሞቀው ንጹሕ ውሃ ከሬይክያቪክ ነባር የከርሰ ምድር ፍል ውሃ ጋር ሲቀላቀል ማግኒዥየምና ሲሊካ ተጣብቀው ቧንቧውን የሚደፍን ቅርፊት ሠሩ፤ መፍትሔው ሁለቱን መለየት ሆነ። ሁለት መስመር ሙቀት ይቀባበሉ፤ ውሃቸው ግን አይቀላቀል።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። የሙቅ ውሃ መስመር ቢመጣ ለምጣድ ይሆነኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለምጣዱ አይሆንም፣ እህታችን። ምጣድ ከ180 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ መስመሩ የሚያመጣው 70 ወይም 80 ነው። ለሁለት ነገር ግን ይጠቅምዎታል። አንደኛው አብሲት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ14 ዲግሪ ከሚጀምሩ በመስመሩ 60 ዲግሪ የሞቀ የቧንቧ ውሃ ቢጥዱ ለማፍላት ከሚወጣው ሙቀት 60 በመቶውን አስቀድመው አገኙ። ሁለተኛው ሊጡ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቁር ሊጥ አልቦካ ብሎ ቀን የሚጨምረው ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከሻወርና ከማጠቢያ ተርፎ 40 ዲግሪ ሆኖ የሚመለሰውን ውሃ በትንሽ ቁም ሣጥን መሰል ክፍል ወለል ሥር በፕላስቲክ ቱቦ ቢያዞሩት ቡሃቃው በ25 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ይህ አጠቃቀም ለመስመሩም ደግ ነው፤ ተመላሹን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል።

ጥያቄ፦ 600 ተማሪ በሚያድርባቸው ሦስት የመኝታ ሕንፃዎች የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የፀሐይ ማሞቂያዎችን በአንድ መስመር አገናኝተን ነበር። በታኅሣሥ ሌሊት ሁለት ሰሌዳዎች ፈነዱ። ለማሞቂያው ቅርብ የሆነው ሕንፃ ያቃጥላል፣ የመጨረሻው ለብ ያለ ውሃ ነው የሚያገኘው። ፓምፑም ይንጫጫል። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ አንድ በአንድ እንሂድ። በመጀመሪያ ግን መጠኑ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

ለአንድ ተማሪ በቀን 20 ሊትር 55 ዲግሪ ውሃ ይያዙ፤ ከ14 ዲግሪ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ወደ 34 ሊትር የሻወር ውሃ ይሆናል። ለ600 ተማሪ 12,000 ሊትር ነው፤ ይህን ማሞቅ 570 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በጥሩ የበጋ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ 230 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ያለዎት ከዚህ ግማሽ ከሆነ ቫልቭ ቢያስተካክሉ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማነፃፀሪያ ይሁንዎትና ያንኑ ውሃ ግማሹን ሙቀት በሚያባክን የእንጨት ቦይለር ለማሞቅ በየቀኑ ወደ 3 ኩንታል ደረቅ ባሕር ዛፍ ይነዳል። ይህ ሥራ መልፋት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሰሌዳዎቹ ወደ ደቡብ ዞረው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢያዘነብሉ የበጋውን ፀሐይ በደንብ ያገኛሉ። እዚህ ላይ ከአውሮፓ የምንለይበትን ልብ ይበሉ። ዴንማርክ ውስጥ ፀሐይ የሚበዛው ሙቀት በማያስፈልግበት ወቅት ስለሆነ እስከ ብርዱ ማቆየት ግድ ይላል፤ ማርስታል የተባለችው ከተማ ለዚህ 75,000 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የውሃ ጉድጓድ ሠርታለች። በእኛ ደጋ ግን አመዳይ የሚጥልባቸው ወራት ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው ናቸው። የአንድ ቀን ተኩል ውሃ የሚይዝ ታንከር፣ ማለትም 18,000 ሊትር፣ ይበቃል። የሚቸግረው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ለዚያ ሂት ፓምፕ ወይም ሌላ ደጋፊ ማሞቂያ መኖር አለበት።

የፈነዱት ሰሌዳዎች፦ አየሩ ከዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ሆኖም ውሃው ሊረጋ ይችላል። ጥርት ባለ ሌሊት ሰሌዳው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይተፋና ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ስለሚያብጥ ቀጭኑን የመዳብ ቱቦ ይሰነጥቀዋል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በሰሌዳው ውስጥ 30 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል የተቀላቀለበት ውሃ ማዞር ነው፤ እስከ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ይከላከላል። የመኪና አንቲፍሪዝ ኤትሊን ግላይኮል ስለሆነ መርዝ ነው፤ ሰው በሚታጠብበት ሥርዓት አጠገብ ፈጽሞ አይግባ። ግላይኮል ሰሌዳው ያለ ዝውውር ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይቃጠላል፤ ይጠቁራል፣ አሲድ ይሆናል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይለኩት፤ ፒኤች ከ7 በታች ከወረደ ይቀየር። ሁለተኛውና በእኛ ግምት ለእርስዎ የሚሻለው ፓምፑ ሲቆም ውሃው ራሱ ከሰሌዳው ወርዶ ቤት ውስጥ ባለ ታንከር የሚጠራቀምበት አሠራር ነው። መብራት ቢጠፋም ሰሌዳው ባዶ ስለሚሆን አይረጋም፣ አይፈላም። ይህ እንዲሆን ግን ቧንቧው በሙሉ በሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት። አንድ ቦታ የረገበ ቧንቧ ካለ ውሃው እዚያ ተኝቶ ይቀራል፤ የሚፈነዳውም እዚያው ነው።

የሚንጫጨው ፓምፕ፦ ይህ የከፍታችን ጉዳይ ነው። በባሕር ወለል 80 ዲግሪ ውሃ ያለ መፍላት ከ5 ሜትር በላይ በሚሆን የመሳብ ጫና ሊቆይ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በፓምፑ መግቢያ ላይ ውሃው ይፈላል፤ ጠጠር የገባበት የሚመስለው ድምፅ የእንፋሎት አረፋ ሲፈርስ የሚሰማ ነው፤ ቆይቶም የፓምፑን ክንፍ ይበላዋል። ፓምፑን ከሂያጁ አንስተው በቀዝቃዛው ተመላሽ ላይ፣ ከታንከሩ በታች ያድርጉት፤ መግቢያው ላይ ያለውን ማጣሪያ ይጠቡ፤ ውሃ ሲሞቅ የሚያብጠውን የሚቀበለውን የማስፋፊያ ጋን የአየር ግፊት ይለኩ። የተዘጋ መስመር ከሆነ ከሁሉ ከፍ ያለው ነጥብ ላይ ቢያንስ 0.5 ባር ይኑር።

የማይደርሰው ሙቀት፦ ቅርቡ ሕንፃ የሚያቃጥለው ውሃ አቋራጭ ስላገኘ ነው። በየሕንፃው ተመላሽ ላይ ቴርሞሜትር ይሰሩ። ከሁሉ የሞቀ የሚመልሰው ሕንፃ ከድርሻው በላይ እየወሰደ ነው፤ የእሱን ማመጣጠኛ ቫልቭ በሩብ ዙር እየዘጉ፣ በየእርምጃው ሃያ ደቂቃ እየጠበቁ፣ ሦስቱ በ3 ዲግሪ ልዩነት እስኪቀራረቡ ይቀጥሉ። ከዚያ በፊት ግን በሂያጁና በተመላሹ መካከል ሳይዘጋ የተረሳ ማገናኛ ቫልቭ እንዳለ ይፈልጉ። መስመር ሲሞላ አየር ለማስወጣት ይከፈትና ይረሳል፤ አንድ እንዲህ ያለ ቫልቭ የሦስቱን ሕንፃ ሥራ ብቻውን ያበላሻል።

አንድ ያልጠየቁትን እንጨምር። በመስመሩ የሚዞረው ውሃ ከሻወሩ ውሃ ጋር መገናኘት የለበትም፤ በየሕንፃው የሙቀት መለዋወጫ ይኑር። የሚታጠቡበት ውሃ ታንከር ውስጥ የሚጠራቀም ከሆነ 60 ዲግሪ ይያዝ። ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሆኖ የሚቆም ውሃ ሳንባ የሚያቆስለውን ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ያራባል። ትምህርት ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲከፈት ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ሻወር በሙቅ ውሃ ይለቀቅ።

ጥያቄ፦ መሬታችን መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይችለዋል? (ከእነዋሪ)

መልስ፦ ይችለዋል፤ ቦዩን በደንብ ከሠሩት። ከላይ ያለው መረሬ ነው በጣም የሚንቀሳቀሰው፤ ስለዚህ ከቧንቧው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃል የሚለውን የተለመደ ልክ ወደ 80 ወይም 100 ያሳድጉ። በቧንቧው ሥር፣ ጎንና አናት 10 ሴንቲ ሜትር የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይኑር፤ ድንጋይ አይግባበት። አሸዋውን ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ አለዚያ መረሬው ሰርጎ ይሞላዋል። ከቦዩ ወለል ውሃ የሚወጣበት ቁልቁለት ያድርጉ። መልሶ ለመሙላት መረሬውን ራሱን አይጠቀሙ።

የብረት ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል። 100 ሜትር ቧንቧ ከ14 ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። አሸዋው አጥብቆ ይይዘዋል፤ ማጠፊያዎቹ ላይ ግን እንቅስቃሴ ስለሚኖር በሁለቱም በኩል ለስላሳ የፎም ትራስ ይደረግ። ማጠፊያውን በደረቅ መረሬ የሞላ ሰው ብየዳውን ራሱ ይሰብረዋል።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከመጋጠሚያው ነው። በተከታታይ እንዲህ ይሠራል፦ ብየዳው በግፊት ይፈተናል፤ የፕላስቲኩ ጫፍ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ በትንሹ ይሞቃል፤ መጋጠሚያውን የሚሸፍነው የፕላስቲክ እጅጌ ተስቦ በእሳት ይኮማተራል፤ በ0.2 ባር አየርና በሳሙና አረፋ ይፈተናል፤ ከዚያ ብቻ ፎሙ ይፈስሳል። ዝናብ ሲነካው አይሠራም፤ እርጥብ ፎም ብረቱን ከውጭ ያበላዋል። ስለዚህ ሥራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ በሐምሌ የተከፈተ ቦይ ኩሬ ነው። በፎሙ ውስጥ የሚያልፉትን ሁለት የመዳብ ሽቦዎች እያገናኙ ይሂዱ፤ በኋላ እርጥበት የት እንደገባ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከመቀበሩ በፊት በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለው መቋቋም በሜጋ ኦም ይለካ፤ ሽቦው ራሱ ደግሞ በየ100 ሜትር ርዝመቱ 1.2 ኦም ገደማ መቋቋም ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ከተዛባ ያን ዕለት ይስተካከል። አፈር ከለበሰ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የጤና ተቋም፣ ትምህርት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ በአንድ ማሞቂያ ለመጠቀም ተስማምተናል። ወጪውን በእኩል እንካፈል የሚሉ አሉ፤ በሙቅ ውሃ ሊትር ይለካ የሚሉም አሉ። የትኛው ይሻላል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሁለቱም ያጣላችኋል። በእኩል ከሆነ ቆጣቢው ይቀጣል። በሊትር ከሆነ ደግሞ አንዱ 100 ሊትር ወስዶ በ60 ዲግሪ ይመልሰዋል፣ ሌላው ያንኑ 100 ሊትር በ35 ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ከውሃው ብዙ ሙቀት አውጥቷል፤ ሂሳቡ ግን እኩል ይመጣል።

ለያንዳንዱ የሙቀት ቆጣሪ ይግባ። ቆጣሪው ሦስት አካል አለው፦ በተመላሹ ላይ የሚገጠም የውሃ መለኪያ፣ አንዱ በሂያጁ አንዱ በተመላሹ የሚቀመጡ ጥንድ የሙቀት ጠቋሚዎች፣ ሁለቱን የሚያባዛ ማስያ። እናንተም በእጅ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ፤ 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር 200 ሜትር ኪዩብ አልፎ አማካይ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ወደ 7,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ተወስዷል። ጠቋሚዎቹ በጥንድ የተመረቱ ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይቀየሩ። ከቧንቧው ውጭ በፕላስተር አይለጠፉ፤ ውሃው ውስጥ ባለ ኪስ ይግቡ። ልዩነቱ 10 ዲግሪ ብቻ ሲሆን የግማሽ ዲግሪ ስህተት 5 በመቶ ክፍያ ነው።

ክፍያውን በሁለት ክፈሉት። ማሞቂያውን፣ መስመሩንና የጥገናውን ደመወዝ የሚሸፍነው ቋሚ ክፍያ እያንዳንዱ በጠየቀው ከፍተኛ ኪሎ ዋት ልክ ይሁን፤ የተቀረው በቆጣሪው። ትምህርት ቤቱ በክረምት ቢዘጋም ቋሚውን ይከፍላል፤ ቧንቧው ለእሱም ተቀብሯልና። በብዙ የዴንማርክ ከተሞች እንደሚደረገው ተመላሹን ከተስማማችሁበት ልክ በላይ ሞቆ የሚመልስ በየዲግሪው፣ ለምሳሌ 1 በመቶ፣ ይጨመርበት፤ አቀዝቅዞ የሚመልስ ይቀነስለት። እዚያ አገር የሙቀት አቅራቢው ትርፍ እንዳያገኝበት በሕግ ተከልክሏል፤ እናንተም የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ለቀጣዩ ዓመት ሂሳብ እንዲዞር በውላችሁ ጻፉት።

የጤና ተቋሙ ለመሣሪያ ማምከኛ 121 ወይም 134 ዲግሪ እንፋሎት ስለሚያስፈልገው ያ ከመስመሩ ውጭ በራሱ ማሽን ይቆይ። ለልብስ ማጠቢያው፣ ለወጥ ቤቱና ለእናቶች ክፍል ግን መስመሩ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የማን ውሃ ቀድሞ ይዘጋ የሚለውንም ዛሬ ወስኑ፤ የእንግዳ ማረፊያው ቫልቭ መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤቱ ቀጥሎ፣ የጤና ተቋሙ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉን በቫልቮቹ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉበት፤ ሌሊት የሚመጣው ጥበቃ ውሉን አላነበበውም።